ሰማይ የሌለው ሥዕል

ማክሰኞ፣ የካቲት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። ሥራ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሥዕል ተሰጠኝ።

ለላብ አደሮች ቀን፣ ለሚያዝያ 23፣ ከቀበሌዎቹ በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ኤግዚቢሽን ይደረጋል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከሠራተኛው እጅ የወጣ አንድ ነገር ከአንድ ገጽ መግለጫ ጋር እንዲያቀርብ ታዟል። የእኛ የደን መሥሪያ ቤት ከማኅተምና ከጽሕፈት መኪና በስተቀር የእጅ ሥራ ስለማያውቅ ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ ሰነበተ። በመጨረሻ የመምሪያ ኃላፊያችን ጓድ ኃይሉ ከእንጦጦ ጥበቃ ጣቢያ ሥዕል የተሣለበት አንድ ኮምፔንሳቶ፣ ስስ የጣውላ ሰሌዳ፣ አስመጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስደገፉት።

«ነጅመዲን፣ አንተ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ እያየህ ይህ ባሕር ዛፍ፣ ይህ ጽድ፣ ይህ ገደል የምትል ሰው ነህ። ይህንንም አንብበህ ጻፍልን» አሉኝ።

የሣሉት ጋሽ ወልደሰንበት የሚባሉ የደን ጥበቃ ናቸው። ዛፍ ላይ ቁጥር ከሚጻፍበት ቀይና ነጭ ቀለም፣ ከጣቢያው በር ከተረፈው አረንጓዴ፣ ከየትም ከየትም እያጠራቀሙ ነው የሠሩት አሉ። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ ሰማንያ ሳንቲም ነው። ለክቼዋለሁ፤ ካልለካሁ ዓይኔ አያይም። ከጀርባው በእርሳስ «የጥበቃ ክልሌ» ተብሎ ተጽፎበታል። ክልል ከሆነ መሬት ነው፤ መሬት ከሆነ የኔ ሥራ ነው። ግን ሰው የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ቤት የለበትም። ቀለም ብቻ ነው፤ ያውም ዝም ብሎ የተለቀለቀ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቦታ የተመረጠለት የሚመስል። ምሳ ሰዓት አለፈብኝ።


ዓርብ፣ የካቲት 25

ከጁምዓ ስመለስ ቢሮው ባዶ ነበር። ሰው ሳያየኝ ስቴሪዮስኮፑን አወጣሁ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡለት ተራራውን ተራራ፣ ሸለቆውን ሸለቆ አድርጎ የሚያሳይ መነጽር ነው። ከአንድ ኮምፔንሳቶ ምንም እንደማያወጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም አጎንብሼ አየሁ። ታይፒስታችን ሣራ በሩን ከፍታ፣ «ጋሽ ነጅመዲን፣ ቅማል እየፈለጉለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያገኘሁትን ልጻፍ። መሐሉን ጥቁር አረንጓዴ ግርድፍ እብጠቶች ሞልተውታል፤ ደን ይሆናሉ። በመካከላቸው ሦስት ቢጫ አራት ማዕዘኖች አሉ። ሰባት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች እየተጠማዘዙ ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ፤ አንዱም ግን ቢጫውን አይነካም፤ ሲደርሱ ዞር እያሉ ያልፉታል። መስመሮቹ ላይ አሥራ አንድ ቀይ ነጥቦች ተዘርተዋል። ከላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰማያዊ ግራጫ ሰማይ አለ። ከታች ጠርዙ ላይ ደግሞ ስምንት ማዕዘን ያለው ምልክት ተቀምጧል። ስምንት ማዕዘን ያለው ነገር እንጦጦ ላይ አንድ ነው የማውቀው፤ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን። ታዲያ ተራራው አናት ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ግርጌ ላይ ምን ያደርጋል?

ማታ ከመውጣታችን በፊት ጓድ ኃይሉ ሰብስበውን ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ለሚሰጥ የአንድ ዓመት ትምህርት አንድ ስም አስተላልፉ ተብለዋል። «አርአያ የሚሆን ሥራ ያሳየ ሰው ነው የሚፈለገው» አሉ። የተናገሩት ለሁላችንም ነው፤ ያዩት ግን እኔን ነው። እኔ አሁን የማስበው ስለ ነጮቹ መስመሮች ብቻ ነው።


እሑድ፣ የካቲት 27

እንጦጦ ወጣሁ። ከሾላ በውይይት ታክሲ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ በእግር። ባለቤቴ መብሩካ «በዕረፍት ቀንህ ለቀለም ብለህ ትታመማለህ» ብላ ሹራብ አስለበሰችኝ። ልክ ነበረች፤ ላይ ሲደርሱ ብርዱ ሌላ ነው።

ጋሽ ወልደሰንበትን ከጣቢያው በር ላይ፣ የጥንት የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ ቆሎ ሲቆረጥሙ አገኘኋቸው። ስድሳ ሳይሞላቸው አይቀርም። ለሥዕላቸው መምጣቴን ስነግራቸው ቆሎውን በእፍኝ ሰጡኝ። እንደ ልጃገረድ አፈሩ ብል አላጋነንኩም።

«ጋሼ፣ ነጮቹ መስመሮች ምንድን ናቸው?»

«አንተ ምን መሰሉህ?»

«ወንዝ።»

«ወንዝ ከመሰሉህ ወንዝ ናቸዋ።»

«እንደሱ አይሆንም! ወይ ናቸው፣ ወይ አይደሉም።»

ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ልጄ፣ ሰው ያንን ነገር አይቶ ይስቃል እንጂ ቁጭ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እየው። ካልገባህ ደግመህ እየው። እኔ መናገሩ ቢሆንልኝ ቀለም ምን ያደርግልኛል?»

በአውሮፕላን ሳይሄዱ መሬቱን ከላይ እንዴት እንዳዩት ጠየቅኳቸው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእግሬ ሄድኩበት። ዓይኔን ስጨፍን እንዲያ ተዘርግቶ ይመጣልኛል» አሉ። ይህን ስሰማ ቀናሁባቸው። እኔ ሃያ ዓመት ፎቶ ላይ አፍጥጬ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ጨለማ ነው።

ስሰናበታቸው ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ሲገባህ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ። ከሌላ ሰው እንዳልሰማው» አሉኝ። እሺ አልኩ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 1

በጥድፊያ። መስመሮቹን ከነምልክቶቹ ሥር ያለውን በሚያሳይ ስስ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ቀዳሁና ካርታው ላይ አስተኛኋቸው። ከየትኛውም ወንዝ ጋር አይገጥሙም። መንገድም አይደሉም። ወረቀቱን ወደ ግራ ገፋሁት፣ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ራጉኤል ሾላ ገበያ መሐል ላይ አረፈ። ሣራ «ታቦቱ ሸመታ ወርዶ ነው» አለች። ጓድ ኃይሉ መግለጫው የት ደረሰ ይላሉ።


እሑድ፣ መጋቢት 4

ሲዘንብ ዋለ፣ አልወጣሁም። ወረቀቱን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዋልኩ። መብሩካ ምስር እየለቀመች መጥታ አየችልኝ። «ምናልባት ሰውዬው ቆንጆ ሆኖ ስለታየው ይሆናል የሣለው። ሁሉ ነገር ምልክት መሆን አለበት?» አለች።

ምልክት ባይሆን ኖሮ መስመሮቹ ለምን ቢጫውን ይሸሻሉ? ቆንጆ ነገር አይሸሽም አልኳት። «አንተ ደግሞ አንዴ ከያዘህ» ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። በዚያው ስለ ጀርመን አገር ብርድ አወራን። ለወሬ ያህል ነው።


እሑድ፣ መጋቢት 11

ዛሬ ገባኝ! ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከራጉኤል በታች ወረቀቴን ይዤ እየዞርኩ ነበር። ደኑ ውስጥ ብዙ ከወረድኩ በኋላ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት አየሁ። ጀርባዋን ለድንጋይ ክምር ሰጥታ፣ ሸክሟን ከወገቧ ሳትፈታ ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ስታየኝ ልትሮጥ ቃጣት፤ ግን ያን ሁሉ እንጨት ተሸክሞ የት ይሮጣል።

«አይዞሽ፣ ጥበቃ አይደለሁም። ካርታ ሠሪ ነኝ። ወንዝ ጠፍቶብኝ ነው» አልኳት።

«ወንዝ ይጠፋል እንዴ ጌታው?» ብላ ሳቀች፤ ጥርሷ ነጭ ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። «እኔ ፊደል አላውቅም» አለች። ፊደል የለበትም አልኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ከእጄ ላይ ወሰደችና ዞር አድርጋ መልሳ ሰጠችኝ።

«ገልብጠው ይዘውት እኮ ነው! ይኸው ራጉኤል ከኋላችን። ይኸው እኛ የቆምንበት» ብላ ጣቷን አንዱ ቀይ ነጥብ ላይ አሳረፈች።

እዚያው እርጥብ ቅጠል ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ካርታ ሠሪው ነጅመዲን፣ ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው ብዬ የማምነው! ጋሽ ወልደሰንበት ካርታ አይተው አያውቁም። ተራራው አናት ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለሰሜን ሰጥተው፣ ቁልቁል ወደ ከተማው ነው የሚያዩት። ፊት ለፊታቸው ያለውን ከላይ አደረጉት፤ ከኋላቸው ያለውን ከታች። ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ከእኔ በስተቀር ማንም ሰው ያየው ነበር።

ሴትየዋ ጂቱ ትባላለች። የቀረውን እንደ ተራ ነገር ነገረችኝ። ነጮቹ መስመሮች የተሸካሚዎቹ መንገድ ናቸው፤ ቢጫዎቹ የጥበቃ ጎጆዎች፤ ለዚያ ነው መንገዱ የሚዞራቸው። ቀዮቹ ማረፊያዎች ናቸው። «ሸክም ይዞ መሬት የተቀመጠ ሰው ብቻውን አይነሣም። ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ይፈልጋል። ይህችን ሽማግሌው ናቸው የደረደሩልን» አለች።

«የቱ ሽማግሌ?»

«የጥበቃው ሽማግሌ ነዋ። እርጥብ ካልቆረጣችሁ፣ የወደቀውን ብቻ ከለቀማችሁ እኔ አላየኋችሁም ይሉናል። ዞረው ይቆማሉ።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ግን ለምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ለማወቅ ያህል» አልኳት። እውነቴን ነበር።

መንገዱን ተከትዬ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእሷ ኋላ ወረድኩ። ከሸክሙ ሥር የሚታየው እግሯ ብቻ ነበር። አንድም ጊዜ አላዳለጣትም፤ እኔ አራት ጊዜ ወደቅሁ።


ሰኞ፣ መጋቢት 12

ገጠመ። ሁሉም ገጠመ! ወረቀቱን አዙሬ ካርታው ላይ ሳስተኛው ራጉኤል በራጉኤል ላይ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ጎጆዎች በሦስቱ ጎጆዎች ላይ። ያለ መለኪያ፣ ያለ አውሮፕላን፣ በእግር ብቻ!

ሌላም አለ። ከላይ ሰማይ ያልኩት ሰማይ አይደለም። ወደ ደቡብ ከሆነ የሚታየው ከተማው ነው፤ ሰማያዊ ግራጫው የሾላና የአካባቢው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሥዕሉ ላይ ሰማይ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ወልደሰንበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁ ቀና ብለው አላዩም ማለት ነው፤ መሬት መሬት፣ መንገድ መንገድ ነው ያዩት። ይህ አንጀቴን በላው። መግለጫውን ዛሬውኑ ጀመርኩ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 14

መግለጫውን ለጓድ ኃይሉ አነበብኩላቸው። አንድ ገጽ የተባለው ሦስት ገጽ ሆነ። የሰሜኑን ነገር ስደርስ ጠረጴዛውን መቱ፣ «ድንቅ ነው!» አሉ። ስለ ነጮቹ መስመሮች ስደርስ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። ቀዮቹን ስደርስ ብዕራቸውን አነሡ።

ድንጋዩን ማን እንደደረደረው ጭምር ጽፌዋለሁ። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ሥራው ሙሉ እንዲሆን ነው። ግማሹን ያየ ሰው አየ አይባልም።

«ይህ ሥራ እዚህ ቤት አይቀርም። ስምህን ላስተላልፍ ነው» አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ለጋሽ ወልደሰንበት መጀመሪያ ልነግራቸው ነበር። ግን እሑድ ሩቅ ነው፣ ጓድ ኃይሉ ደግሞ ዛሬ ነበር የፈለጉት። መጪው እሑድ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ጓድ ኃይሉ ሰባቱን መስመሮችና አሥራ አንዱን ነጥቦች በአንድ ለአሥር ሺ መጠን በተሠራው ካርታ ላይ በቀለም አስፍርልኝ አሉ። ለኤግዚቢሽኑ ነው? ብዬ ጠየቅሁ። «ለሁሉም ይጠቅማል» አሉ። እስከ ምሳ ጨረስኩት። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ። ሣራ ቆማ አየችውና ምንም ሳትቀልድ ሄደች።


እሑድ፣ መጋቢት 18

አልወጣሁም። እግሬ ከባለፈው እሑድ ገና አልተሻለውም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 22

ትናንት ጧት ከሌላ ጣቢያ የመጡ ጥበቃዎችና አብዮት ጠባቂዎች ደኑ ውስጥ ተደብቀው ጠበቁ። በየመንገዱ አልሮጡም፤ በየማረፊያው ነበር የተቀመጡት። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ሸክማቸውን ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፉ ተያዙ። ሸክም ያሳረፈ ሰው እንዴት ይሮጣል። አሥራ አራት ናቸው። እንጨቱም ገመዱም ተወረሰ፤ ሴቶቹ ቀበሌ ታስረዋል።

ይህን የሰማሁት ኮሪደር ላይ ነው፤ አንዱ ሹፌር ለሌላው ሲያወራ። «አሥራ አንዱንም ቦታ እንደ መዳፋቸው ያውቁት ነበር እኮ» ይላል እየተደነቀ። አንድ ቁጥር ያልተሳሳተ ካርታ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።


ዓርብ፣ መጋቢት 23

ስሰግድ የረከዓውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።


ሰኞ፣ መጋቢት 26

ጋሽ ወልደሰንበት ከሥራ ታገዱ። ደብዳቤውን ሣራ ናት ታይፕ ያደረገችው፤ «በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥረው» ይላል። ሚያዝያ 8 በሠራተኞች ስብሰባ ይቀርባሉ። ማስረጃው አንድ ሥዕል፣ አንድ ካርታና አንድ መግለጫ ነው። በዚህ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ሥራውን ብቻ አጥቶ ከቀረ ዕድለኛ ነው።

ጉዳዩን ለማንም አላነሣሁም። ምሳ ሰዓት ከበሩ ጀርባ ሣራ ለተላላኪዋ ስትነግራት ሰማሁ። «ሥዕል አይቶ ሰው ያሳሰረ ታውቂያለሽ?» አለች። እንደቆምኩ ታውቅ ይሆን?

ቤታቸው ሄጄ ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። በዚህ ሳምንት ጊዜ አጣሁ።


ዓርብ፣ መጋቢት 30

ሴቶቹ ተፈቱ፤ ገመዳቸውን አላገኙም። መብሩካ ከሾላ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች፤ እንጨት አልወረደም። «ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ ጂቱ የምትባል አንዷ መንገዱን አሳይታው ነው አሉ። አሁን ሌሎቹ አያናግሯትም» አለችኝ። ከዚያ ዓይኔን እያየች ቆየች። «ያ ወረቀት የያዘው ሰው አንተ አይደለህም፣ አይደል ነጅሙ?»

«ምን ወረቀት?» አልኳት።

ራቴን አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን ከእኔ ጋር አልበላችም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4

ለቅዳሜው ስብሰባ አስረጂ ሆኜ ተጠርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሥዕሉ ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። ባላይ ኖሮ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ባላይ ኖሮ ብዬ መመኘት አልችልም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህንን ለማን እነግራለሁ?

አንድ መንገድ አለ። ንባቡ የኔ ነው፤ ካፈረስኩት ማስረጃ የለም። ነጮቹ መንገድ አይደሉም፤ ለመጪው ክረምት ችግኝ የሚተከልባቸው ረድፎች ናቸው። ቀዮቹ የችግኝ መደቦች ናቸው። ሰሜኑም ወደ ላይ ነው። ሥዕሉ የነገውን ደን ነው የሚያሳየው። ይህን ብል የሚስቅብኝ ሰው ይስቃል፤ ጀርመን ትቀራለች፤ ሰውየው ግን ይድናሉ።

ለመብሩካ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱንም ጭምር። አለቀሰች። «ቅዳሜ የምትለውን በል። ለኔ የዋሸኸውን ግን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን» አለችኝ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

እንዳለ ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሥዕሉን ወንበር ላይ አቁመውታል፤ ካርታዬ ከጎኑ ተሰቅሏል። ጋሽ ወልደሰንበት ከፊት ረድፍ፣ ያንኑ ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከሥዕሉ አልተነሣም። ከከፍተኛው የመጡ ካድሬ ሰብሳቢ ነበሩ። መጀመሪያ ጓድ ኃይሉ መግለጫዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። እያነበቡ ሳለ ጋሽ ወልደሰንበትን አየሁ። የተከሰሰ ሰው ፊት አልነበረም፤ እንደዚያ ያለ ፊት የት እንዳየሁ ማስታወስ አቃተኝ።

ተጠርቼ ቆምኩ። «ጓዶች፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። ስለ ችግኞቹ፣ ስለ መደቦቹ፣ ስለ ነገው ደን ተናገርኩ። ሥዕሉን ገልብጬ በግድ ካርታ ላይ አስተኛሁት አልኩ። አንዲት መንገደኛ ሴት ያወራችውን ሰምቼ ተሳሳትኩ አልኩ። ጂቱን እንደገና ማንሣት አልነበረብኝም፤ አፌ ላይ መጣ።

«ሃያ ዓመት ካርታ ሠርተህ ሰሜንና ደቡብ ተምታታብህ?» አሉ ጓድ ኃይሉ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር።

«አዎ፣ ተምታታብኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። አንገቴን ደፋሁ፤ ውስጤ ግን ቀለል አለኝ። ካድሬው ተነሥተው ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የነገው ደን! እንግዲያማ ይህ አብዮታዊ ሥዕል ነው። ሰውየው በምን ተከሰሱ?» አሉ። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። አለቀ፣ ዳኑ አልኩ በልቤ፤ አልሐምዱሊላህ።

ጋሽ ወልደሰንበት እጃቸውን አወጡ።

ሲነሡ ባርኔጣቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። «ይቅርታ ጓዶች። ልጁ አሁን የሚለው አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ አዳራሹ ለመስማት ጸጥ አለ። «ችግኝ አልሣልኩም። ችግኝ መሣል ብፈልግ ችግኝ እሥል ነበር። መንገድ ነው። የሴቶቹ መንገድ ነው። ድንጋዩንም የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ወገባቸው ሲቆረጥ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። መጀመሪያ የጻፈው ልክ ነው። ከአንድ እስከ መጨረሻው ልክ ነው።»

ከዚያ ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። ካድሬው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ጋሽ ወልደሰንበት ከሥራ እንዲሰናበቱ፣ ጉዳያቸው እስኪጣራ በከፍተኛው ታስረው እንዲቆዩ ተወሰነ። በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሐል ሆነው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ አላዩኝም።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ለትምህርቱ የሌላ ሰው ስም ተላለፈ። ቀድሞም አስቤው አላውቅም።

ሥዕሉ መዝገብ ቤት ገብቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው ያቆሙት። ሣራ ቁልፉን ሳልጠይቃት ሰጠችኝ፤ ገብቼ ትንሽ አይቼው ወጣሁ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 16

መብሩካ በዘይት ሽሮ ሠርታ፣ ጾም ላይ ናቸው ብላ ድስቱን ሁለት ጊዜ አጥባ፣ በሳህን ቋጠረችልኝ። «ሂድ። ዛሬም ጊዜ አጣሁ እንዳትለኝ» አለችኝ።

ከፍተኛው በር ላይ ስንቅ አቀባዮች ተሰልፈዋል። ከፊቴ የነበረችው ሴት ዞር ስትል ጂቱ ናት። ለእሳቸው ነበር ያመጣችው፤ ሴቶቹ ተራ ይዘው ያመጡላቸዋል አሉ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ «አሁን በየት በኩል ነው የምትወርዱት?» አልኳት።

አየችኝ። «ደግሞ ሊጽፉት ነው?» አለችና ፊቷን መለሰች።

ተራዬ ደርሶ ጋሽ ወልደሰንበት ከሽቦው ማዶ መጡ። ጢማቸው አድጓል። ሳህኑን ተቀብለው ባለቤቴን አመሰገኑ፣ ስሟንም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ዝም አላሉም? ድነው ነበር እኮ» አልኳቸው።

ሽቦውን በአንድ እጃቸው ያዙ። «ያንን ኮምፔንሳቶ ስንት ሰው አየው መሰለህ? ጥበቃዎቹ አዩት፣ ሹፌሩ አየው፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና በየቀኑ ታየው ነበር። ሁሉም ቀለም አባከንክ ነው የሚሉኝ። አንተ የጻፍከውን ኃላፊው ሲያነቡት፣ ሊያሳስረኝ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው አየልኝ አልኩ። አንተ ደግሞ ተነሥተህ አላየሁም አልክ።» ግንባራቸውን ሽቦው ላይ አስደገፉ። «አንተም ካላየኸው፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ሳይ ኖርኩ?»

አፈርኩ። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ሲስቁብኝ ካፈርኩት በላይ አሁን አፈርኩ። አይቼዋለሁ ጋሼ፣ ሁሉንም አይቼዋለሁ ልላቸው አፌን ስከፍት ጠባቂው ሰዓት አለቀ ብሎ መሐላችን ገባ።